ምስማር ያልተመታበት ግድግዳ

ሥዕልን ግድግዳ ላይ መስቀል ሐያሲ ብዕሩን የሚያነሣበት ጉዳይ ነውን? ምስማር፣ መዶሻና ገመድ ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁንና ሥዕል ከሠዓሊው እጅ ከወጣ በኋላ ዕድሜውን የሚገፋው ከግድግዳ ጋር ነው። በጎ ግድግዳ ያገኘ ሥዕል ያምርበታል፤ ክፉ ግድግዳ የገጠመው ደግሞ እንደ ክፉ ትዳር ቀለሙን አጥቶ ይኖራል። ስለዚህ ስለ ሥዕል ብዙ ሲጻፍ ስለ ግድግዳው ዝም መባሉ ያስገርማል።

ዛሬ ይህን ዝምታ እንድንሰብር የሚያስገድደን አንድ ፋሽን አለ። በአዲስ አበባ ቡና ቤቶች፣ ሆቴሎችና የሥዕል ማሳያ ክፍሎች ውስጥ ልስን የሌለው ግድግዳ ጌጥ ሆኗል። ቀድሞ “ገና ያላለቀ ቤት” ያሰኝ የነበረው የጡብ ግድግዳ፣ አዲስ አበቤው ሸክላ የሚለው ማለት ነው፣ ዛሬ እንግዳ መቀበያ ሳሎን ውስጥ ገብቷል። አሮጌ ቤት ያለው ልስኑን እየፋቀ ጡቡን ያወጣል። አዲስ የሚሠራው ደግሞ በብሎኬቱ ላይ ቀጭን የጡብ ልባጥ ይለጥፋል። ከዚያ ሁሉም ትራፓኖውን ያነሣና ይበሳል፤ ፊሸር ይከታል፤ ሥዕል ይሰቅላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰቀለውም የላሊበላ ፎቶግራፍ ወይም ዐይናቸው የፈጠጠ መላእክት ያሉበት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተገለበጠ ሸራ ነው። ጥያቄያችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የእነዚያ ሥዕሎች ወላጆች፣ በተወለዱበት አገር፣ ከድንጋይ ግድግዳ ጋር እንዴት ይኖሩ ነበር?

መልሱን ፍለጋ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዋግ መውጣት ይበጃል። በዋግና በአጎራባቹ በላስታ ደጋ እንጨት ውድ፣ ድንጋይ ግን ሞልቶ የተረፈ ነውና ባላገሩ ቤቱን በድንጋይና በጭቃ ያቆማል። ብዙዎቹ የጥንት ቤቶች ክብ ናቸው። የእንዲህ ያለ ቤት ውስጠኛ ግድግዳ ባዶ አይደለም፤ ጌጡ ግን በፍሬም የገባ ሥዕል አይደለም። በግንባታው ጊዜ ከድንጋዩ መካከል ኩላብ ይተከላል፤ ኩላቡ ላይ ጋሻው፣ ቀንዱ፣ አገልግሉ፣ የክት ልብሱ ይንጠለጠላል። ዕቃ ማስቀመጫ ጉድጓድም ከግድግዳው ውስጥ ይወጣለታል። ኩላብ ከምስማር የሚለየው በዚህ ነው፤ ኩላብ ከግድግዳው ጋር አብሮ ያድጋል፣ ምስማር ግን ግድግዳው ካለቀ በኋላ የሚመጣ እንግዳ ነው።

ክብ ቤት ጠፍጣፋ ሥዕልን የማይወድበት ሌላም ምክንያት አለው። ወደ ውስጥ በጎበጠ ግድግዳ ላይ ባለአራት ማዕዘን ፍሬም ብትሰቅሉ፣ ሁለቱ ጎኖቹ ብቻ ግድግዳውን ይነካሉ፤ መካከሉ ባዶ ይቀራል። ሥዕሉ እንደ ተጨነቀ እንግዳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ባላገሩ ሥዕል ስለማይወድ ሳይሆን፣ ቤቱ ራሱ ለፍሬም ያልተበጀ ስለሆነ ነው ሥዕል ሲገኝ ወረቀቱን በቀጥታ በግድግዳው ላይ መለጠፍ የተለመደው። የከተማው የጭቃ ቤትም በጋዜጣና በካላንደር የተለጠፈበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ወረቀት ከጎበጠው ጋር ይጎብጣል፤ ፍሬም ግን አይጎብጥም።

እንግዲህ ቤቱን ትተን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንለፍ። ከሰቆጣ ከተማ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ዋግሹሞቹ ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥሩ ነበርና የዋግ ጥበብ ከላስታው ተነጥሎ አይታይም። በሁለቱም አገር ያለውን የድንጋይ ሥራ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል። እዚህ ግድግዳውና ጌጡ ሁለት ነገሮች አይደሉም። በላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ውስጥ ቁመታቸው የሰው ያህል የሆነ የቅዱሳን ምስሎች አሉ። እነዚህ ምስሎች ግድግዳው ላይ አልተሰቀሉም፤ ከግድግዳው ውስጥ ወጥተዋል። ጠራቢው ድንጋዩን ከዙሪያቸው አንሥቶ እነርሱን አስቀረ እንጂ ከሌላ ቦታ አምጥቶ አላቆማቸውም። ምስሉን ለማንሣት የሚፈልግ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ማንሣት ይኖርበታል።

ሁለተኛው መንገድ ቅቡ ነው። ገነተ ማርያም፣ ዐፄ ይኩኖ አምላክ (እ.ኤ.አ. 1270–1285) የተሣሉባት የላስታ ውቅር ቤተ ክርስቲያን፣ ዐምዶቿና ግድግዳዎቿ በሥዕል ተሞልተዋል። በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በተለሰነ ድንጋይ ረድፍ የተገነባው ይምርሐነ ክርስቶስም ከአገራችን ጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎች የሚቆጠሩትን ይዟል። ሠዓሊው ሻካራውን ድንጋይ በስስ ልስን አለስልሶ በደረቁ ሣለ። እዚህም ሥዕልና ግድግዳ የተዋሐዱ ናቸው። ሥዕሉ የዐምዱን ጥምዝና የቅስቱን ጉብጠት ይከተላል። ቦታው ሲጠብ ቅዱሱ ይጠብባል፤ ሲሰፋ ክንፉን ይዘረጋል። ማንም “ይህን ሥዕል የት ልስቀለው?” ብሎ አልተጨነቀም፤ ሥዕሉ የተወለደው ቦታው ላይ ነውና።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉም ይልቅ ብልሃት ያለበት ይመስለኛል። በጎንደር ዘመንና ከዚያም በኋላ የተሠሩት ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናቸው። ክብ ግድግዳ ደግሞ ለሥዕል አስቸጋሪ መሆኑን ከላይ አይተናል። አባቶቻችን ይህን እንዴት ፈቱት? ከክቡ ውስጥ አራት ማዕዘን መቅደስ አቆሙ። የመቅደሱ አራት ጠፍጣፋ ፊቶች የሥዕሉ ሰሌዳ ሆኑ። ጣና ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው በሣር ምንጣፉና በቀርከሃው ዙሪያ ዞሮ በድንገት ከዚያ ባለቀለም ግንብ ፊት ሲቆም የሚሰማው ድንጋጤ የመጣው ከዚህ አሠራር ነው። ክቡ ቤት ሰውን ያዞራል፤ አራት ማዕዘኑ ያቆመዋል።

ያ ሥዕል ደግሞ በአመዛኙ በቀጥታ ግድግዳው ላይ የተሣለ አይደለም። የጥጥ ጨርቅ፣ ኋላም አቡጀዲ፣ በሙጫ ይለጠፋል፤ ቀለሙ በጨርቁ ላይ ያርፋል። ምክንያቱ ለሚገነዘብ ሰው ግልጽ ነው። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ይንቀሳቀሳል፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በልስን ላይ የተቀመጠ ቀለም ከስንጥቁ ጋር ይሰነጠቃል፤ ጨርቅ ግን ስንጥቁን ተሻግሮ ይይዘዋል። ከዚህም በላይ በብዙ ቦታ በሥዕሉ ፊት መጋረጃ ይጋረዳል፤ የሚገለጠው ጊዜው ሲደርስ ነው። መጋረጃው ለክብር የተደረገ ቢሆንም ቀለሙን ከብርሃንና ከአቧራ የሚጠብቅ ሙዚየምም ነው። ዛሬ በቡና ቤት ግድግዳ ላይ ሃያ አራት ሰዓት መብራት የሚተኮስበት የመልአክ ሥዕል ይህን ዕረፍት አያውቅም።

“መስቀል” የሚለው ግሥ በእርግጥ የሚሠራው ለዚህ ለመጋረጃው ነው። የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን የሰቀለው ትልቁ ሥራ ሥዕል ሳይሆን ሽመና ነበር። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው፣ በካርድ ሽመና ከሐር የተሠራው የጎንደር ዘመን መጋረጃ አምስት ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሰዎች፣ ካህናትና ነገሥታት ተሸምነውበታል። ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ ናቸው የሚሉ ምሁራን አሉ። ተመሳሳይ ሥራ ደግሞ በካናዳ፣ ቶሮንቶ፣ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። ሁለቱም ከአገር የወጡት እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላን በዘመቱ ጊዜ ነው። ለጉዳያችን የሚጠቅመው አሰቃቀላቸው ነው። መጋረጃ ከላይ ከዘንግ ይወርዳል፤ ግድግዳውን አይወጋም፣ በግድግዳው ላይም አይደገፍም። የራሱ ክብደት ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። የድንጋዩም ሻካራነት የጨርቁም ልስላሴ ሳይጋጩ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ታዲያ ሥዕለ አድኅኖስ? ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በእንጨት ገበታ ላይ የተሣሉ የእመቤታችን ሥዕሎች በርክተው የለምን? በርክተዋል። እነርሱም ቢሆኑ በምስማር ላይ ለመኖር የተሠሩ አልነበሩም። ተከፋች፣ ተዘጊ ናቸው፤ በበዓል ይወጣሉ፣ ይሳማሉ፣ ይዞራሉ፣ ተመልሰው ይከደናሉ። ትናንሾቹ በአንገት ይንጠለጠላሉ። ስለዚህ በልማዳችን ሥዕል ወይ ከግድግዳው ጋር ተዋሕዶ ይኖራል፣ ወይ ከሰው ጋር ይሄዳል። ከግድግዳው ጋር ሳይዋሐድ፣ ከሰው ጋርም ሳይሄድ በምስማር ተይዞ የሚኖረው ሥዕል የኋላ ዘመን ልጅ ነው።

እዚህ ላይ የድሮውን ብቻ አወድሶ መሄድ ቀላል ነበር። ግን ፍርድ እንስጥ ካልን ሁለት ታሪኮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግድ ይሆናል።

የመጀመሪያው ከጎንደር ዳርቻ፣ ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የዳካር–ጅቡቲ ጓድ በጎንደር ሳለ፣ የዚያን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከነጨርቃቸው ከግድግዳው ላይ ልጦ ወሰደ። በቦታቸው ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የገለበጣቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። ኦሪጅናሎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የጓዱ አባል የነበረው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው የጉዞ ማስታወሻ ስለዚያ ቆይታ በሰፊው ጽፏል። የጓዱ መከራከሪያ ሥዕሎቹ እየጠፉ ስለነበር አድነናቸዋል የሚል ነበር። መከራከሪያውን ብንቀበለውም ባንቀበለውም አንድ ነገር አይካድም። ስንጥቁን ተሻግሮ ሥዕሉን ያቆየው ያ ብልህ ጨርቅ፣ ሥዕሉን ለመላጥም አመቺ አደረገው። የቤተ ጎልጎታን ቅዱሳን ማንም ጠቅልሎ በመርከብ ሊጭን አይችልም፤ የአባ እንጦንስን ግን ቻለ።

ሁለተኛው ታሪክ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። ይህ ታላቅ ሠዓሊና ገጣሚ አገሩን ጥሎ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ፣ በስደት አረፈ። በጀርመን የነበሩ ሥራዎቹ ግን ተመልሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የተሰየመው ማዕከል ሲከፈት ቦታ አገኙ። ሥራዎቹ በሙኒክ ወይም በኮሎኝ ግድግዳ ላይ የተሣሉ ቢሆኑ ኖሮ እዚያው በቀሩ ነበር። በፍሬም የተያዘ ሸራ ስለሆኑ ግን ባለቤቱ ያልቻለውን መመለስ እነርሱ ቻሉ።

ሁለቱን ታሪኮች ስናስተያይ ተነቃይ ሥዕል ሌባም ወዳጅም ሊወስደው የሚችል መሆኑን እንረዳለን። ፍሬም በራሱ ኃጢአት የለበትም። አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1957 የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካፈራቸው ሠዓልያን ብዙዎቹ የሠሩት በሸራና በፍሬም ነው፤ ዘመናዊ ሥዕላችን ያለ ፍሬም አይታሰብም። ከዚያው ዘመን ግን ግድግዳውን ያልተወ ሠዓሊም አለን። አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሯቸው የመስተዋት ሥዕሎች 150 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናሉ፤ ራሳቸው የሕንጻው ግድግዳ ናቸው። ብርሃኑ የሚመጣው ከውጭ ሳይሆን በሥዕሉ ውስጥ አልፎ ነው። ቤተ ጎልጎታ በድንጋይ ያደረገውን አፍሪካ አዳራሽ በመስተዋት አደረገው ማለት ይቻላል። የዘመናዊነት መንገድ አንድ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

አሁን ወደ ጡቡ እንመለስ። ጡብ የፈረንጅ ነው የሚል ሰው ካለ አክሱምን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1974 በኔቪል ቺቲክ የሚመራው ቡድን ያገኘው፣ የ4ኛው መቶ ዘመን የሆነው መቃብር “የጡብ ቅስቶች መቃብር” የተባለው በውስጡ ባሉት የተተኮሰ ጡብ ቅስቶች ምክንያት ነው። ጡብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው ጡቡን ከልብሱ አራቁቶ በላዩ ላይ ሥዕል መበተኑ ነው።

የጡብ ግድግዳ ራሱ ሥዕል መሆኑን ሰቃዮቻችን ይዘነጋሉ። ረድፍ አለው፣ መስመር አለው፣ ቀለሙ ቀይና ቡናማ ሆኖ ይቅበጠበጣል። ብዙ ቅርጽ የታጨቀበት፣ ትንንሽ፣ ባለቀይ ቀለም ሥዕል በዚያ ላይ ሲሰቀል ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ እንደሚያወሩ ይሆናል፤ አንዱም አይሰማም። ከቤተ ክርስቲያን የተገለበጡት ሸራዎች በጡብ ላይ የሚሞቱት በዚህ ነው። እነርሱ የተወለዱት መላውን ግድግዳ ለብሰው እንዲኖሩ ነው፤ ከመካከላቸው አንዷን ቁራጭ ቆርጦ በጡብ ረድፍ መሐል ማንጠልጠል ከቅዳሴ አንዲት ቃል ነጥሎ በገበያ መጮህ ነው። በአንጻሩ ሰፊ ባዶ ስፍራ ያለው፣ ጸጥ ያለ ሥራ፣ ወይም ሰፋ ያለ ነጭ ክፈፍ የተደረገለት የቀለም ቅብ ወይም ፎቶግራፍ ከጡቡ ጋር ይስማማል። ክፈፉ በሁለቱ መካከል እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ይቆማል።

አሰቃቀሉም ትምህርት ይሻል። ጡቡን ራሱን የበሳ ሰው የማይሽር ቁስል ትቶ ይሄዳል፤ ጡብ አይለሰንምና ቀዳዳው ለዘለዓለም ይታያል። መበሳት ግድ ከሆነ በጡብና በጡብ መካከል ያለው መገጣጠሚያ ይበሳ፤ እርሱን ነገ በስሚንቶ መድፈን ይቻላል። የቆየ ቤት ከሆነ ግን መገጣጠሚያው ጭቃ ወይም ኖራ ይሆንና ምስማሩን አይዝም፤ ከባድ ፍሬም ይዞ ይወድቃል። ጡብ እርጥበትን ከመሬት ይስባል፤ ጨው ይዞ ወጥቶ እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ ይታያል። ፍሬሙ ከግድግዳው ጋር ከተጣበቀ ያ እርጥበት ወደ ሸራው ይሻገራል። ስለዚህ በፍሬሙ ጀርባ፣ በታችኞቹ ማዕዘኖች፣ ትንንሽ ቡሽ ማድረግና አየር እንዲያልፍ መተው ብልህነት ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን የመጋረጃው ጥበብ ነው። ከኮርኒሱ በታች አንድ ዘንግ ከዳር እስከ ዳር ይዘርጋ፤ ሥዕሉ ከዘንጉ በቀጭን ሽቦ ይውረድ። ግድግዳው አይቆስልም፤ ሥዕሉ ይቀየራል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ሥራ ያንጠለጥላል። ይህን ለማወቅ ከውጭ ካታሎግ መግዛት አያስፈልግም፤ የቤተ ክርስቲያናችን መጋረጃ ለዘመናት ሲያስተምረን ቆይቷል።

ይህ ሁሉ የጌጥ ወሬ ብቻ አይደለም። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ጉዳዩ ሌላ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የነበረው ጦርነት ዋግንም አላለፈውም። ከጦርነት በኋላ ሰው ይሠራል፤ ሲሠራም በሚያገኘው፣ በፍጥነት ነው፤ በብሎኬትና በቆርቆሮ። ይህን የሚወቅስ ጨካኝ ነው። ወቀሳው የሚገባው የተረፈውን የድንጋይ ግንብ “እናሳምረው” በማለት በስሚንቶ ለሚለስን፣ ወይም በተቃራኒው “እናዘምነው” ብሎ ጭቃውን ፍቆ፣ ትራፓኖ ይዞ፣ የጀግኖችን ፎቶግራፍና የላሊበላን ፖስተር በተርታ ለሚመታበት ነው። የዋግሹሞቹን ቅርስ የሚያሳይ ክፍል፣ የኽምጣና ተናጋሪውን ሕዝብ ታሪክ የሚናገር አዳራሽ፣ ዛሬም ሆነ ነገ ሲዘጋጅ ግድግዳው ከኤግዚቢሽኑ አንዱ መሆኑ መታወቅ አለበት። ድንጋዩን የጠረበው፣ ጭቃውን የረገጠው፣ ኩላቡን የተከለው እጅ እዚያ አለ፤ ስሙ በጽሑፍ ባይቀመጥም ፊርማው ግድግዳው ነው። በዚያ ፊርማ ላይ ምስማር መምታት በሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ የራስን ስም እንደ መጻፍ ይቆጠራል።

በአዲስ አበባ የጡብ ልባጥ ላይ የላሊበላን ፎቶግራፍ የሚሰቅለው ሰው ምናልባት ቅርሱን የሚወድ ነው። ፍቅሩን አንጠራጠርም፤ ዐይኑን ግን እንጠይቃለን። የፎቶግራፉ ውስጥ ድንጋይ እውነተኛ ነው፤ ከጀርባው ያለው ጡብ ልባጥ ነው። እውነተኛው በወረቀት፣ ሐሰተኛው በግንብ የቆመበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ፣ ከሁለቱ የትኛው ጌጥ የትኛው ግድግዳ እንደሆነ መለየት እያቃተን ሄዷል። ከውቅሩ ጠራቢዎች የምንማረው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል፤ እነርሱ ግድግዳውን እስከ ልቡ ድረስ አንድ ዓይነት አድርገው ተዉት፤ ብትፍቁትም ድንጋይ ነው፣ ብትሰብሩትም ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ያለው ሰው ሥዕል ለመስቀል አይቸኩልም። የሌለው ደግሞ አስቀድሞ ግድግዳውን እውነተኛ ያድርገው፤ በነጭ ኖራ የተቀባ የጭቃ ግድግዳም ቢሆን ከልባጥ ይሻላል። ከዚያ በኋላ አንዲት መልካም ሥዕል ትበቃዋለች።